ከግንቡ ውጭ ማደር

ካምፐርቫን በውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና የውኃ ማጠራቀሚያ የተገጠመለት፣ ተጓዡ በደረሰበት ሁሉ የሚያድርበት መኪና ነው። ዋና መንገዶች ወደ ጎን ትተው የሚያልፏቸውን ጥንታዊ ከተሞች ለመጎብኘት ምን ያህል እንደሚመች ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ ከፖርቱጋል ጋር የሚዋሰነውና የባሕር በር የሌለው የስፔን ግዛት ኤክስትሬማዱራ ነው። ግዛቱ በአገሪቱ በስፋት ቀዳሚ የሆኑትን የባዳኾስንና የካሴሬስን አውራጃዎች የሚያቅፍ ቢሆንም፣ ነዋሪው ከ1 ሚሊዮን ብዙም ስለማይበልጥ፣ በከተሞቹ መካከል የሚታየው በአብዛኛው የባሉጥ ዛፎች እዚህም እዚያም የቆሙበትና አሳማዎች ፍሬያቸውን እየለቀሙ የሚሰማሩበት የግጦሽ መሬት ነው።

የካምፐርቫን ትልቁ ጥቅም ብዙ ቦታ ማዳረሱ ይመስላል፤ እንዲህ ባሉ ከተሞች ግን ዋጋው የሚታወቀው ሲቆም ነው፤ ምክንያቱም በአውቶቡስ የመጣው ጎብኚ አመሻሹ ላይ ሲመለስ አደባባዩ ለነዋሪዎቹ ይለቀቃል፣ ይህንንም የሚያየው እዚያው የሚያድር ሰው ብቻ ነው። መኪናው በጠባቦቹ ጎዳናዎች ስለማያልፍ ከከተማው ግንብ ውጭ ይቀራል፣ ባለቤቱም በእግሩ ይገባል። የአገሪቱ የትራፊክ መሥሪያ ቤት መመሪያ መኪና ማቆምንና መስፈርን ይለያል፤ ተጓዡ ውስጥ ቢተኛም መኪናው እንደቆመ ብቻ የሚቆጠር ሲሆን፣ ጥላ ዘርግቶ ወንበር ወደ ውጭ ካወጣ ግን እንደሰፈረ ይታያል፣ ይህም ከተፈቀደለት ቦታ ውጭ ሊያስቀጣው ይችላል። ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች ንጹሕ ውኃ የሚቀዳበት፣ «ግራጫ ውኃ» የሚባለው የዕቃና የገላ እጣቢ፣ «ጥቁር ውኃ» የሚባለው የመፀዳጃ ፍሳሽም የሚደፋበት ማቆሚያ አዘጋጅተዋል።

የግዛቱ ርእሰ ከተማ ሜሪዳ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ25 ዓመት በሮማዊው ቄሳር አውግስጦስ ዘመን ለተሰናበቱ ወታደሮች መኖሪያ ተብላ የተቆረቆረች ስትሆን፣ በጓዲያና ወንዝ ላይ የተዘረጋው የሮማውያን ድልድይ ዛሬም እግረኛ ያሻግራል። ከዚያ 70 ኪሎ ሜትር ያህል በስተ ሰሜን የምትገኘው ካሴሬስ ደግሞ የመሳፍንት ከተማ ነበረች፤ እርስ በርስ የሚዋጉት ቤተሰቦች ያቆሟቸው ማማዎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን በንግሥት ኢዛቤላ ትእዛዝ ሲቆረጡ፣ ለንግሥቲቱ የታመነው የኦቫንዶ ቤተሰብ «የሽመላዎች ማማ» ግን በሙሉ ቁመቱ ቀርቷል።

ረዘም ያለ ቆይታ የሚገባት ግን ትሩኺዮ ናት። ፔሩን የወረረው ፍራንሲስኮ ፒዛሮ የተወለደባት ይህች ትንሽ ከተማ በአደባባይዋ በፈረስ ላይ የተቀመጠ የነሐስ ሐውልት አቁማለታለች፤ ታሪኩን በይበልጥ የሚናገረው ግን ሐውልቱ ሳይሆን ከአደባባዩ ማዕዘን ያለው «የወረራ ቤተ መንግሥት» ነው። ቤቱን ያሠሩት የፒዛሮ ወንድም ኤርናንዶና ሚስቱ ፍራንሲስካ ሲሆኑ፣ ፍራንሲስካ የፒዛሮና የኢንካ ልዕልት የኢኔስ ዋይላስ ልጅ ስለነበረች፣ ኤርናንዶ ያገባት የወንድሙን ልጅ ነው። በማዕዘኑ ሰገነት ላይ የአራቱም ምስል ተቀርጿል፤ ስለዚህ የድል አድራጊነት ማስታወቂያ ተብሎ የተሠራው ግንብ የተሸናፊውን ሕዝብ ሴት ልጅ ፊት ሳይሸሽግ ለዘመናት አቆይቷል። በአሜሪካ ምድር የተገኘው ሀብት ወደ እነዚህ ደረቅ ኮረብታዎች መፍሰሱን፣ ምንጩንም፣ ከዚህ ሰገነት በላይ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ከትሩኺዮ ወደ ጓዳሉፔ ገዳም የሚወስደው 80 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በተራራው ላይ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ፣ ከባድ ካምፐርቫን የሚነዳ ሰው ሳይመሽ ቢደርስ ይሻለዋል። በበጋ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ የቆርቆሮ ግድግዳ ባለው መኪና ውስጥ ለሚተኛ ሰው የሚመቸው ጸደይ ነው። ኮሎምቦስ በ1493 በካሪቢያን ባሕር ላገኛት ደሴት የሰጠው ስም ከዚህ ገዳም የተወሰደ ሲሆን፣ ደሴቲቱ እስከ ዛሬ ጓድሉፕ እየተባለች ትጠራለች።