ከገበያው በፊት ሳጥኑ፦ ዝናቡ ሲያባራ ስለ ልብስ የሚባለውና እውነታው

በምሥራቅ ወለጋ፣ በአርጆ፣ ክረምቱ ቶሎ አይለቅም። ከግንቦት ጀምሮ ዝናቡ ይወርዳል፣ ጭጋጉ እስከ ደጃፍ ይመጣል፣ የታጠበ ሹራብ ገመድ ላይ ሰንብቶም እርጥበቱ አይለቀውም። መስከረም አጋምሶ አደይ ሲፈካና ሰማዩ መገለጥ ሲጀምር ሰው ሁሉ የከረመበትን ልብስ አውልቆ መጣል ያምረዋል። መስቀልና ኢሬቻም በደጅ ናቸው። አርጆም ሆነ ነቀምት፣ ጊምቢም ሆነ ሻምቡ፣ የልብስ ተራው የሚደምቀው በዚህ ሰሞን ነው።

ደምቆ ለመታየት መመኘት የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ከወራት ጭቃ በኋላ የሚገባ ነገር ነው። የሚያሳዝነው ብዙ ወጪ የሚወጣውና ብዙ ጥሩ ልብስ የሚበላሸው ማንም ሳያጣራቸው ከአፍ ወደ አፍ በሚተላለፉ አባባሎች ምክንያት መሆኑ ነው። ከሁሉም በላይ የሚደጋገሙትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«መስከረም ጠባ፣ ዝናብ በቃ»

ይህ አባባል ለሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ይሠራ ይሆናል፤ ለወለጋ ግን አይሠራም። የክረምቱን ዝናብ የሚያመጣው የአየር ሥርዓት ወደ ሰሜን ሲወጣ ምዕራቡን ቀድሞ ይይዛል፤ ወደ ደቡብ ሲመለስም ዘግይቶ ይለቀዋል። በዚህ ምክንያት ምዕራብ ኢትዮጵያ በሀገሪቱ ረጅም የዝናብ ወቅት ካላቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በምሥራቅ ወለጋ ዝናቡ እየሳሳ እስከ ጥቅምት ሊዘልቅ ይችላል።

ስለዚህ ጃንጥላና ቦት በዕንቁጣጣሽ ማግስት አይሰቀሉም። ለመስቀል አዲስ ነጭ ሸራ ጫማ ገዝቶ በመጀመሪያው ቀን በቀይ ጭቃ ማበላሸት የብዙ ወጣት ዕጣ ነው። ጫማው ይገዛ፣ ግን ጥቅምት እስኪጋመስ የሚታጠብ ወይም የሚወለወል ቢሆን ይመረጣል።

«ፀሐይ ከወጣ ብርድ የለም»

በደጋና በወይና ደጋ ኃይለኛው የሌሊት ብርድ የሚመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በክረምት ደመናው መሬት በቀን የሰበሰበችው ሙቀት በሌሊት እንዳያመልጥ እንደ ጋቢ ይሸፍናታል። ሰማዩ ሲጠራ ሙቀቱ በነፃነት ይወጣል፤ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱና ንጋቱ ይቀዘቅዛል። ሹራቡን አጥቦ ከሳጥኑ ሥር የቀበረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ፈልጎ ያወጣዋል።

በወለጋ ደግሞ ከፍታና ዝቅታው ይጨመርበታል። በአማካይ 1,000 ሜትር ወደ ታች በወረድን ቁጥር አየሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ከነቀምት ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ጠዋት አርጆ ላይ ሹራብና ጃኬት ደርቦ የተሳፈረ ሰው፣ ደዴሳ ሸለቆ፣ የስኳር ፋብሪካ ካለበት ቆላ ሲደርስ ሁለቱንም አውልቆ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። እንዲህ ላለ ሀገር የሚበጀው አንድ ወፍራም ካፖርት ሳይሆን ሦስት ሳሳ ያሉ ልብሶችን መደራረብ ነው። በመካከላቸው የሚያዘው አየር ሙቀት ይጠብቃል፤ ሲሞቅም አንድ በአንድ ይወልቃሉ።

«በፀሐይ ነጭ ብቻ ነው የሚለበሰው»

ጥቁር ጨርቅ ከነጭ የበለጠ የፀሐይ ሙቀት እንደሚይዝ እውነት ነው። ነገር ግን ጨርቁ የያዘው ሙቀት ሁሉ ሰውነታችን ላይ አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ1980 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት በበረሃ የሚኖሩ የቤዱዊን አረቦች ለምን ጥቁር ሰፊ ልብስ እንደሚለብሱ መርምሮ ነበር። ልብሱ ሰፊ እስከሆነ ድረስ ጥቁር በለበሰውና ነጭ በለበሰው ሰው ሰውነት ላይ የሚደርሰው ሙቀት እኩል ሆኖ ተገኘ። ጥቁሩ ጨርቅ የያዘውን ተጨማሪ ሙቀት በልብሱና በገላው መካከል የሚዘዋወረው አየር ይዞት ይወጣል።

ከዚህ የምንማረው ከቀለም ይልቅ ስፋትና የጨርቁ ዓይነት እንደሚወስን ነው። ጠባብ ነጭ ፖሊስተር ከሰፊ ጥቁር ሰማያዊ የጥጥ ሸሚዝ የበለጠ ላብ ያመጣል። ደግሞም በጣም የሳሳ ነጭ ጨርቅ ቆዳ የሚያቃጥለውን የፀሐይ ጨረር ያሳልፋል። ቀኑን ሙሉ እርሻ ወይም ገበያ ላይ ለሚውል ሰው ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነና ሰፋ ያለ ልብስ ይሻለዋል። ቡናማም ሆነ አረንጓዴ፣ የወደደውን ቀለም ያለ ስጋት ይልበስ።

«መቶ በመቶ ጥጥ ከሁሉም ይበልጣል»

ጥጥ ለሙቀት ጥሩ ነው፤ ላብ ይመጥጣል፣ ገላን ያስተነፍሳል። ነገር ግን ብዙ ውሃ ስለሚይዝ ለመድረቅ ጊዜ ይፈጃል። በተለመደ አየር ውስጥ ጥጥ የክብደቱን 8 በመቶ ገደማ እርጥበት ሲይዝ ፖሊስተር 1 በመቶ እንኳ አይይዝም። ለክረምት ሱሪና ከላይ ለሚደረብ ጃኬት ፖሊስተር ወይም ቅይጥ ጨርቅ ቶሎ ስለሚደርቅ ይጠቅማል። ገላ ለሚነካ ሸሚዝና የውስጥ ልብስ ጥጥ ይመረጣል፤ ፖሊስተር የላብ ጠረን ይዞ ያስቸግራልና።

ሻጩ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ሲል ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከልብሱ የውስጥ ስፌት ጥቂት ክር መዝዘው ያቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፤ የሚተወውም ለስላሳ ግራጫ አመድ ነው። ፖሊስተር ቀልጦ ይኮማተርና ሲቀዘቅዝ በጣት የማይፈርስ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ሱፍ ወይም ሐር ነው።

«ናፍታሊን ካለ ልብስ አይበላሽም»

ናፍታሊን የሚከላከለው ብልን ነው፤ ሻጋታን አይነካም። በወለጋ ረጅም ክረምት ደግሞ የሳጥን ዋናው ጠላት ሻጋታ ነው። ሻጋታ እርጥበት፣ ጨለማና የታፈነ አየር ካገኘ ናፍታሊን አጠገቡ እያለ ያድጋል። ብልም ቢሆን የሚመኘው ሱፍ፣ ሐርና ፀጉር ነው። ንጹሕ የጥጥ ልብስ ለእሱ ምግብ አይሆንም፤ ላብ ወይም የወጥ ጠብታ ካለበት ግን ይደፍረዋል። ስለዚህ ልብስ ሳይታጠብ ወደ ሳጥን አይገባ። ናፍታሊን መርዛማ መሆኑም አይዘንጋ፤ በተለይ ለጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ስለሆነ የእነሱ ልብስ ባለበት ሳጥን ውስጥ አይቀመጥ።

መድኃኒቱ ብራ ቀን ነው። ዝናብ የሌለበትን ቀን ጠብቆ ሳጥኑንም ልብሱንም ባዶ ሜዳ ማውጣት፣ የሻገተውን ከቤት ውጭ በብሩሽ ማራገፍ፣ ማጠብ፣ ከዚያም ስፌቱና ኪሱ ሳይቀር ክው ብሎ ሲደርቅ ብቻ ማጠፍ። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ማራቅ አየር እንዲዘዋወር ይረዳል።

«ጨው ቀለም ይይዛል፣ በረኪና ነጭ ያነጻል»

ጨው ለቀለም የሚጠቅመው ጨርቁ በፋብሪካ ሲነከር፣ ቀለሙ ወደ ጥጡ እንዲገባ ለመግፋት ነው። ተነክሮ ያለቀን ልብስ ቤት ውስጥ በጨው መዘፍዘፍ የሚለቀውን ቀለም አያስቆመውም። የሚያዋጣው አዲሱን ልብስ ገልብጦ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብና በጥላ ማስጣት ነው። ፀሐይ ነጩን ታነጣለች፤ ባለ ቀለሙን ግን ታደበዝዘዋለች።

በረኪና በየጊዜው ከነካው ጥጡ ይሳሳል፤ ሱፍና ሐርን ደግሞ ያበላሻል። የጥለትን ቀለምም ይበላል። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሎሚ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይሞከር።

ነጠላና ጋቢ ለዘመናት በእንዶድ ሲታጠቡ ኖረዋል። ይህን «ኋላ ቀር» ብሎ መናቅም ሌላው ስሕተት ነው። የእንዶድ ፍሬ ሳሙና የሚያደርገው፣ አረፋ የሚሰጥ ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር አለው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያስተዋሉት በዚሁ እንዶድ ምክንያት ነበር። ቀንድ አውጣዋ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ስለሆነች ግኝቱ በዓለም ታወቀ፤ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አስገኘላቸው። እንዶድ ያለው ቤት ነጠላውን ያለ በረኪና ሊያጸዳ ይችላል። ሲወቀጥ ዱቄቱ ዓይንና አፍንጫ ስለሚቆጠቁጥ አፍንጫን ሸፍኖ መሥራት ያሻል፤ ውሃውም ዓሣ ስለሚገድል ወንዝ ውስጥ አይደፋ።

«ሳልባጅ የሞተ ፈረንጅ ልብስ ነው»

ሳልባጅ በአብዛኛው በውጭ ሀገር ሰዎች በሕይወታቸው ሳሉ ለበጎ አድራጎት የሰጡት ወይም አንፈልግም ያሉት ልብስ ነው፤ ተሰብስቦ፣ በቦንዳ ታስሮ ይሸጣል። ልባሽ ጨርቅን ለንግድ ወደ ሀገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ በመሆኑ ብዙው በኮንትሮባንድ እንደሚመጣ ገዢው ማወቅ አለበት።

ከጤና አንጻር ሊያስፈራን የሚገባው ሟቹ ሳይሆን ያልታጠበ ስፌት ነው፤ ይህም ከውጭ ለመጣውም ከጎረቤት ለተገዛውም ይሠራል። እከክ የሚያመጣው ተባይ ከሰው ገላ ከተለየ ከ2 እስከ 3 ቀን በላይ አይቆይም። የልብስ ቅማልም ደም ካላገኘ በሳምንት ገደማ ይሞታል፤ ግርሻና ተስቦ የሚተላለፉት በእሱ በኩል ስለሆነ ግን አይናቅም። የተገዛውን ሁሉ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ በሚሆን ሙቅ ውሃ ማጠብ፣ በፀሐይ ማድረቅና ካውያውን በስፌቱ ላይ ረገጥ አድርጎ ማለፍ ይበቃል። ሙቅ ውሃ የማይችል ጃኬት በፌስታል ታስሮ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ።

«የባህል ልብስ ለበዓል ብቻ ነው»

ቡልኮና ጋቢ የአያቶቻችን የዘወትር ልብስ ነበሩ። ሁለት ድርብ የሆነው ነጠላ ለቀኑ፣ አራት ድርብ የሆነው ጋቢ ለሌሊቱ ይውሉ ነበር፤ ከላይ ያነሳነው መደራረብ ይኸው ነው። ለኢሬቻ የተገዛው ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ጥለት ያለው ሸሚዝ ከጅንስ ሱሪ ጋር ሰኞ ለቢሮ ያምራል። ነጠላው ባለ አንድ ቀለም ቀሚስ ላይ እንደ ሻርፕ ጣል ሲደረግ አለባበሱን ይለውጠዋል። በዓመት አንድ ቀን ተለብሶ ላቡ ሳይለቅ ሳጥን የገባ ልብስ በብብቱ በኩል ቢጫ ይሆናል፤ ቶሎ ቶሎ የሚለበስና የሚታጠብ ይሻላል።

ሲገዙ ጥለቱን ገልብጠው ይዩት። የተሸመነ ከሆነ ክሩ በጀርባም ይታያል፤ የታተመ ከሆነ ጀርባው ገርጥቶ ይገኛል። ሁለቱም ይሸጡ፣ ዋጋቸው ግን አንድ መሆን የለበትም፤ የሸማኔው ድካም ያለው በአንዱ ላይ ብቻ ነው።

«አምሮ ለመታየት አዲስ መግዛት ግድ ነው»

ከሁሉም ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ይህ ነው። ልብስ አርጅቷል የምንለው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሲበላ ነው። ኮሌታው የተበላ ሸሚዝ ይዘው ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄደው «ኮሌታውን ገልብጥልኝ» ይበሉት። ስፌቱን በምላጭ ፈትቶ ኮሌታውን ከአንገቱ ያላቅቀዋል፣ ገልብጦ መልሶ በመኪናው ይሰፋዋል። ከሥር ተደብቆ የኖረው ያልተነካ ገጽ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሸሚዙም ብዙ ጊዜ ይጨምራል። እግሩ በጭቃ የተበላ ሱሪ ይቆረጥና ይታጠፋል፤ የሰፋ ቀሚስ ይጠባል፤ የተበላሸ ዚፕ ይቀየራል።

ብዛትም ውበት አያመጣም። እርስ በርስ የሚስማሙ 3 ሸሚዞች፣ 2 ሱሪዎችና 2 የሚደረቡ ልብሶች ያሉት ሰው 12 ዓይነት አለባበስ አለው። ከምንም ጋር የማይሄዱ ሃያ ልብሶች ያሉት ግን ጠዋት ጠዋት «የምለብሰው አጣሁ» ይላል።

እንግዲህ ዘንድሮ ብራ ሲሆን ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። መጀመሪያ ሳጥኑ ፀሐይ ላይ ይውጣ። ልብሱ በሦስት ይከፈል፦ የሚታጠብ፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ የሚሄድ፣ ልካችን ስላልሆነ ለሚለብሰው ሰው ታጥቦ የሚሰጥ። ከዚያ በኋላ የጎደለው በወረቀት ይጻፍ። በዚህ መንገድ የሄደ ቤት የሚጽፈው ዝርዝር አጭር ነው፤ የተረፈውም ገንዘብ የጎደለውን አንድ ነገር፣ ጠንካራ ጫማም ይሁን በእጅ የተሸመነ ነጠላ፣ ሳይጣደፉ መርጦ ለመግዛት ይበቃል።