ድር ወይስ የሸረሪት ድር?
የልዩ ልዩ ሕዝቦች ተረትና ምሳሌ በክፍል ውስጥ

በአራዳና በፒያሳ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ሕፃናት የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አንድ አለመሆኑ የታወቀ ነው። የሰፈሩ ስሞች ራሳቸው ድብልቅ ናቸው። ፒያሳ ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ሲሆን፣ አራዳ ደግሞ ከቦታ ስምነት አልፎ የነቃውንና የከተማ ኑሮ የገባውን ሰው የሚገልጽ ቅጽል ሆኗል። እንዲህ ባለው ሰፈር መምህሩ «ከየቤታችሁ አንድ አንድ ተረት ይዛችሁ ኑ» ብሎ ቢያዝ የሚመጣለት ምን እንደ ሆነ መመርመር ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ለተርጓሚም ይጠቅማል።

በመጀመሪያ የሚያጋጥመው ችግር የስያሜ ነው። በአማርኛ «ተረተ» የሚለው ግሥ ታሪክ መሰል ተረት መንገርንም ምሳሌያዊ አነጋገር መናገርንም ያጠቃልላል፤ «አበው ሲተርቱ» ብለን የምንጠቅሰው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ኦሮምኛ ግን «መማክሰ»ን ከ«ኦዱ ዱሪ» ይለያል፤ ትግርኛም «ምስላ»ን ከ«ጽውጽዋይ»። ስለዚህ በአንዱ ትእዛዝ አንዱ ተማሪ ረጅም የእንስሳት ተረት፣ ሌላው አራት ቃል ብቻ ያለው ምሳሌ ይዞ ቢመጣ ስሕተቱ የልጆቹ አይደለም። «ሥነ ቃል» የሚለው ስያሜ ሁሉንም በአንድ ላይ ለመጥራት ቢያመችም፣ ከክፍል ውስጥ ሲገባ እንደ ገና መከፋፈል አለበት።

ከዚህ የሚከብደው ግን የትርጉም ጉዳይ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ይኸው ምሳሌ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ በዓለም ሲዞር «የሸረሪት ድሮች ቢተባበሩ» በሚል መልክ ነው። በአማርኛው ግን ሸረሪት የምትባል የለችም። ድር በሸማኔው ዘንድ ከማግ ጋር የሚጠራው፣ በቁመት የሚወጠረው ፈትል ነው። እርግጥ ነው፣ ሸረሪትም ድሯን ታደራለች፤ «አደራ» የሚለው ግሥ ለሸማኔውም ለሸረሪቷም ያገለግላልና ሁለተኛውን ንባብ ሐሰት ነው ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን አማርኛው ሁለቱንም በር ክፍት ሲተው ተርጓሚው አንዱን ዘግቶታል። በአንድ የአራዳ ክፍል ውስጥ ትምህርቱን ስንከታተል መምህሩ ከመጽሐፉ ሥዕል ሸረሪቷን ሲያሳይ፣ አንዲት ቤተሰቦቿ በሽሮ ሜዳ የሚሸምኑ ተማሪ «አባቴ የሚያደራው ነው እንጂ» ስትል ሰምተናል። መምህሩ ፈገግ ብሎ አለፋት። በእኛ አስተያየት የዕለቱ ትምህርት መጀመር የነበረበት ከዚያ ላይ ነበር።

የሸማኔው ንባብ ሲያዝ የምሳሌው አሠራርም ይገለጣል። አንዷ ፈትል በጣት ትበጠሳለች፤ ጎን ለጎን ተወጥራ ስትደራ ግን ሸክም ትችላለች። «ድር» በነጠላ ቍጥር መነገሩ፣ «ያብር» ከ«ያስር» ጋር ቤት መምታቱም ከመልእክቱ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። ተማሪው ይህን ሳያስተውል «ኅብረት ኀይል ነው» ብሎ ቢጽፍ ምሳሌውን አልተማረም ማለት ነው።

ኦሮምኛው «ቁበ ቶኮን ፉለ ሂን ዺቀተን» ይላል፤ በአንድ ጣት ፊት አይታጠቡም ማለት ነው። (በፊደላችን ሲጻፍ የአናባቢው ርዝመትና የተነባቢው ጥብቀት እንደማይታይ እዚህ ላይ እናስታውሳለን።) የመማሪያ መጻሕፍት ይህን ከድሩና ከአንበሳው ጎን አሰልፈው «ተመሳሳይ» ይሉታል። ነገር ግን የመጀመሪያው ደካሞች ተባብረው ብርቱውን ስለ ማሸነፋቸው ሲናገር፣ ሁለተኛው ባላጋራ የለውም፤ የሚናገረው ስለ ዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። ይልቁንስ የሚቀርበው «በአንድ እጅ አይጨበጨብም» የሚለው ነው። አቻ ፍለጋ ከመቸኰል በፊት ምሳሌው በማን አፍ፣ ለማን፣ በምን ጊዜ እንደሚነገር መጠየቅ ይገባል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምስሉ አንድ ሆኖ ሰዋስው ብቻ ይለያል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው በትግርኛ «ቀስ ብቐስ እንቋቑሖ ብእግራ ትኸይድ» ነው፤ እንቁላሉ በአንዱ ወንድ፣ በሌላው ሴት። ጣልያንኛውም «ኪ ቫ ፒያኖ ቫ ሳኖ ኤ ቫ ሎንታኖ» ይላል፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ በደኅና ይሄዳል፣ ሩቅም ይደርሳል። በጣልያንኛው የሚመሰገነው ጥንቃቄ ሲሆን በእኛው ግን ትዕግሥትና ዕድገት ነው።

ሥነ ቃልን በመማሪያ መጽሐፍ ማቅረብ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ያዘጋጁት የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ በምፅዋ አጠገብ በምንኩሉ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1894 ሲታተም፣ አስቴር በቃሏ የያዘቻቸውን የሕዝብ ተረቶችና ምሳሌዎች ይዞ ነበር። ይህም በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ ከዐሥር ዓመታት በላይ አስቀድሞ ነው። በ1971 ዓ.ም. በ5 ቋንቋዎች የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኋላ እስከ 15 ቋንቋዎች ደርሷል፤ ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ይሰጣል። ሆኖም በየቋንቋው መማር አንድ ነገር ነው፤ የአንዱን ምሳሌ ለሌላው ማስተማር ሌላ ነገር ነው።

አንድ የማይታለፍ ጉዳይ ይቀራል። ምሳሌ ሁሉ ጥበብ አይደለም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው እየኖረ ነው፤ ይህን ወይም ጎረቤት ሕዝብን የሚዘልፈውን ለዘጠኝ ዓመት ሕፃን «የአበው ቃል» ብሎ ማቅረብ ተገቢ አይመስለንም። መዝገበ ቃላቱ ግን መሰረዝ የለበትም፤ ነቀፋ መሆኑን አመልክቶ ከነአገባቡ መመዝገብ ግዴታው ነው። ከፍ ባሉት ክፍሎች መምህሩ ማን ይናገረው እንደ ነበርና ማን ዝም ይል እንደ ነበር ማስጠየቅ ይችላል። የሁለቱ ሥራ ባለመለየቱ አንዳንድ ስብስቦች ዘለፋውን ከምክሩ ጋር ቀላቅለው አትመዋል፤ ሌሎች ደግሞ የማይወዱትን እንዳልነበረ አድርገው ጥለዋል።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌሎች ክፍላተ ከተማ ተዛውረዋል። በአንድ ግቢ ውስጥ የትግርኛው ጽውጽዋይና የአማርኛው «ተረት ተረት፣ የላም በረት» በአንድ ምሽት ይሰሙባቸው የነበሩ ጎረቤቶች ተለያይተዋል። በመሆኑም መምህራን ከተማሪዎቻቸው የሚሰበስቡትን በየወረቀቱ ሲጽፉ ምሳሌውን ብቻ ሳይሆን የተናጋሪውን ቋንቋ፣ ዕድሜና ቀድሞ ይኖር የነበረበትን ሰፈር፣ እንዲሁም ምሳሌው የተነገረበትን አጋጣሚ በጎኑ እንዲያሰፍሩ እንጠይቃለን፤ ስም ማስፈር አያስፈልግም።