ቤት ሆኖ መማር እና ቤት መቅረት
ስለ ሆምስኩሊንግ ማወቅ ያለብን

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ለእረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ ብዙዎቻችን ከቤተሰብና ከጎረቤት የሚቀርብልን ጥያቄ አለ። «ልጁን ከስምንተኛ ክፍል አውጥተን ሒፍዝ ብናስገባው ምን ይመስላችኋል?» ይሉናል። ወይም «ልጅቷ አስራ ሁለተኛን አላለፈችም፤ ከእንግዲህ ቤት ሆና ምን ትማር?» ብለው ያማክሩናል። ጥያቄው የአንድና የሁለት ቤት ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የአስራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ከቀሩት የተወሰኑት በሪሜዲያል ፕሮግራም ወደ ዩኒቨርሲቲ ቢገቡም እጅግ ብዙ ወጣት ግን እቤቱ ቀርቷል።

ስለዚህ ከትምህርት ቤት ውጭ መማር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅመናል። በዓለም ላይ ይህንን አስበውበት፣ መርጠውት የሚያደርጉ ቤተሰቦች አሉ። አሠራራቸው ሆምስኩሊንግ ይባላል።

ሆምስኩሊንግ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሆምስኩሊንግ ልጅ መደበኛ ትምህርት ቤት ከመመዝገብ ይልቅ በወላጆቹ ኃላፊነት የሚማርበት ሥርዓት ነው። ስሙ «የቤት» ይባል እንጂ ትምህርቱ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር አይደለም። ቤተ መጻሕፍት፣ የአስጠኚ ቤት፣ የሠፈር ጋራዥ፣ የእምነት ቦታ ሁሉ የመማሪያ ቦታ ይሆናሉ። ልዩነቱ ያለው ውሳኔው ላይ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ምን፣ መቼና በምን ፍጥነት እንደምንማር የሚወስንልን ሌላ አካል ነው። እዚህ ግን ወሳኙ ወላጅ ነው፤ ልጁ እያደገ ሲሄድ ደግሞ ራሱ ልጁ ይሆናል።

አካሄዱም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ቤተሰብ የተዘጋጀ ሙሉ ሥርዓተ ትምህርት ገዝቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይከተላል። ሌላው ከየቦታው እየመረጠ ያቀላቅላል፤ ሒሳቡን ከአንድ መጽሐፍ፣ ሳይንሱን ከቪዲዮ፣ ቋንቋውን ከአስጠኚ፣ ሙያውን ከባለሙያ ይወስዳል። ከዚህም አልፎ ልጁ በራሱ ፍላጎት እየተመራ እንዲማር የሚተውም አለ። ይህንን የመጨረሻውን ሐሳብ በአሜሪካ በሰፊው ያስተዋወቀው ጆን ሆልት የተባለ መምህር ነው። ሆልት እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ልጆች በትምህርት የሚወድቁት ስለሚፈሩ፣ ስለሚሰለቹና ግራ ስለሚጋቡ ነው ሲል ተከራከረ። በ1977 ደግሞ ልጆቻቸውን ቤት ለሚያስተምሩ ቤተሰቦች መጽሔት ጀመረ።

ሕጉ እንደየሀገሩ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አሚሽ የተባሉ የክርስትና እምነት ተከታዮች ልጆቻቸውን ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት ለመላክ እንደማይገደዱ በሃይማኖት ነፃነት ምክንያት ወሰነ። የአሚሽ ልጆች ከዚያ ዕድሜ በኋላ እርሻና የቤት ሥራ ከወላጆቻቸው ይማራሉ። ዛሬ ሆምስኩሊንግ በሃምሳውም ግዛቶች ሕጋዊ ነው፤ ቁጥጥሩ ግን አንድ አይደለም። ኒውዮርክ ዓመታዊ ዕቅድ፣ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርትና የዓመት መጨረሻ ምዘና ትጠይቃለች። ቴክሳስ ቤተሰቡ እንዲያሳውቅ እንኳ አትጠይቅም። ጀርመን በአንጻሩ ትከለክላለች፤ ፈረንሳይም ከ2022 ጀምሮ በቅድሚያ ፈቃድ ካልሆነ አትፈቅድም።

በአፍላ ዕድሜ እንዴት ይሠራል?

ትንሽ ልጅን ማንበብና መደመር ማስተማር ብዙ ወላጅ ይችላል። ፈተናው የሚጀምረው ከአስራ ሦስትና አስራ አራት ዓመት በኋላ ነው። ካልኩለስና ኬሚስትሪ የሚያስተምር እናትና አባት ብዙ የለም። በዚህ ዕድሜ የሚሳካላቸው ቤተሰቦች ሥራቸውን ይቀይራሉ፤ ከአስተማሪነት ወደ አመቻችነት ይሸጋገራሉ። ልጁ የሚፈልገውን ይለያል፤ ወላጅ መጽሐፉን፣ ሰውየውንና ቦታውን ያገናኛል። አሜሪካ ውስጥ አንዳንዶቹ በአስራ ስድስት ዓመታቸው በአቅራቢያቸው ባለ ኮሌጅ አንድ ሁለት ኮርስ ይወስዳሉ፤ ሁለተኛ ደረጃን የሚተካ ፈተና የሚፈተኑም አሉ። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ወላጅ የተማሩትን ዘርዝሮ ይጽፋል፤ ከዚያ ጋር የመግቢያ ፈተና ውጤትና የሠሩትን ሥራ ያቀርባሉ።

ለእኛ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የሚጥመን ምሳሌ ኤሪክ ዲሜይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በካናዳ ተወለደ። አባቱ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወሩ ራሳቸው አስተማሩት። ልጁ የኮምፒውተር ጨዋታ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ፈለገ፤ ከዚያ ፕሮግራሚንግ፣ ከፕሮግራሚንግ ደግሞ ወደ ሒሳብ ገባ። በአስራ ሁለት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ጀመረ፤ በሃያ ዓመቱ በኤምአይቲ መምህር ሆነ። የታወቀውም ወረቀት በማጠፍ ጥበብ ላይ በሠራው የሒሳብ ምርምር ነው። እንዲህ ዓይነት ልጅ ብርቅ መሆኑ ግልጽ ነው። ግን ልብ እንበል፤ አባቱ ትምህርቱን ትተውት አልሄዱም። አብረውት ተማሩ፤ እስከ ዛሬም አብረውት ይሠራሉ።

ነገሩ ለእኛ አዲስ ነው?

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ከየቦታው መርጦ መማር ለሙስሊሙ ዓለም እንግዳ አይደለም። ኢማሙ ሻፊዒይን (ረሒመሁላህ) እንውሰድ። የቲም ነበሩ፤ ያሳደጓቸው እናታቸው ናቸው፤ ለአስተማሪ የሚከፈል ገንዘብም አልነበራቸውም። በሰባት ዓመታቸው ቁርኣንን እንደሐፈዙ ተዘግቧል። የጠራ ዐረብኛ ለመማር በረሃ ወርደው ከሁዘይል ጎሳ ጋር ኖሩ። ሐዲሥና ፊቅህ ፍለጋ መዲና ወደ ኢማሙ ማሊክ ሄዱ። በኋላም በባግዳድ የኢማሙ አቡ ሐኒፋ ተማሪ ከነበሩት ከሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን ዘንድ የዒራቅን ፊቅህ ቀሰሙ። ቋንቋውን ከአንዱ፣ ሐዲሡን ከሌላው፣ የክርክሩን ሥልት ከሦስተኛው ወሰዱ።

የሀገራችን ደረሳ ሕይወትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በወሎ የዒልም ማዕከላት ደረሳው ለፊቅህ አንድ ሸይኽ ዘንድ ይቀመጣል፤ ያንን ሲጨርስ ለነሕው ወደታወቁ ሌላ ሸይኽ ይሻገራል። «የሰባተኛ ክፍል» የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ የራሱን ኪታብ በራሱ ፍጥነት ይቀራል፤ ነባሩ አዲሱን ያስቀራል። መቼ መነሳት፣ የትኛውን ፈን ማስቀደም እንዳለበት ከሸይኹ ጋር ተማክሮ የሚወስነው ደረሳው ነው።

ኢብን ሲና ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጡናል። ስለ ልጅነታቸው ራሳቸው ተርከዋል። ቡኻራ ውስጥ በአስር ዓመታቸው ቁርኣንን ጨረሱ፤ የሕንድ ሒሳብን ከአትክልት ነጋዴ ተማሩ። ቤታቸው መምህር ተቀጥሮላቸው ጂኦሜትሪ ሲጀምሩ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ትምህርቶች ከመምህሩ ወሰዱ፤ የቀረውን ራሳቸው ተወጡት። የአሪስቶትልን አንድ መጽሐፍ አርባ ጊዜ አንብበው አልገባቸው አለ። በመጨረሻ የአል-ፋራቢን ማብራሪያ በመጽሐፍ ገበያ በሦስት ዲርሃም ገዝተው ተከፈተላቸው። በሕክምናው የደረሱበት ደረጃ ይታወቃል። በዐቂዳ ጉዳዮች ግን እንደ ኢማሙል ገዛሊ ያሉ ዑለማዎች ክፉኛ ነቅፈዋቸዋል። ከዚህ የምንወስደው፣ ጂኦሜትሪን ብቻን መጨረስ ይቻላል፤ ዲንን ግን ከመጽሐፍ ብቻ፣ ያለ አስተካካይ ሸይኽ መውሰድ አደጋ አለው የሚለውን ነው።

ጉዳቱስ?

ሆምስኩሊንግ ለሁሉም አይሆንም። አንደኛ፣ ሸክሙ ከባድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚወድቀው እናት ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ላብራቶሪና ጓደኛ ያሳጣል፤ ካልታሰበበት ልጁ ከእኩዮቹ ይነጠላል። ሦስተኛ፣ ራሱን የሚመራ ልጅ የሚከብደውን ሁሉ ሊሸሽ ይችላል። ታሪክ የሚወድ ልጅ ሒሳብን ሁለት ዓመት ቢተወው በኋላ መመለሱ ጭንቅ ነው፤ ሒሳብና ቋንቋ እንደ ግንብ ናቸው፤ የታችኛው ድንጋይ ሳይኖር የላዩ አይቆምም።

አራተኛው ለእኛ ከሁሉም የከፋው ነው። «ቤት ትማራለች» ተብላ የወጣች እህት በተግባር ስትጋግር፣ ሕፃን ስትይዝና እንግዳ ስታስተናግድ ውላ የምታድር ከሆነ ያ ትምህርት አይደለም። የጥናት ሰዓት፣ ኪታብና አስተማሪ የሌላት ልጅ ቤት እየተማረች ሳይሆን ቤት ቀርታ ነው። ዒልም መፈለግ በእሷም ላይ እንደ ወንድሟ ግዴታ መሆኑን ለወላጆቻችን በአደብ ማስታወስ የእኛ ድርሻ ነው።

ምን ብለን እንመልስ?

ቤተሰብ ሲያማክረን «አውጡት» ወይም «አታውጡት» ብለን ከመቸኮል፣ እነዚህን ጥያቄዎች አብረናቸው እንመልከት።

1. ለስንት ጊዜ ነው? ለሒፍዝ የሚወጣ ልጅ መቼ እንደሚመለስና የትኛው ክፍል እንደሚገባ አስቀድሞ ይታወቅ። መልቀቂያውና የክፍል ውጤቱ በጥንቃቄ ይያዝ።

2. በሒፍዙ መሐል ሒሳብና እንግሊዝኛ ይቀጥላል ወይ? በቀን አንድ ሰዓት እንኳ ልጁ ሲመለስ ባዕድ እንዳይሆን ያደርገዋል።

3. የሚከታተለው ማነው? ለዲኑ ኡስታዝ፣ ለቀለሙ ደግሞ በሳምንት አንዴ ደብተሩን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው ከእኛ አንዳችን ልንሆን እንችላለን፤ ካምፓስ ሆነንም በስልክ ይቻላል።

4. የተማረው በምን ይታወቃል? የጨረሰው ጁዝ፣ የሠራው መልመጃ፣ የጠገነው ሬዲዮ፣ የሰፋችው ልብስ ይመዝገብ።

5. ወደ ፈተናው የሚያስገባው በር ክፍት ነው ወይ? ወደኋላ መመለስ የማይቻልበት መንገድ ከመጀመሩ በፊት የአካባቢው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይጠየቅ።

6. ልጁ ራሱ ምን ይላል? በአስራ አራት ዓመቱ ሐሳቡ ሳይጠየቅ የወጣ ልጅ ራሱን እየመራ ይማራል ማለት ዘበት ነው።

ከዚያ በኋላስ?

ነገሩ በታናናሾቻችን ብቻ አያበቃም። እኛም ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ምን እንደምንማር ሲወሰንልን ኖረናል። ዲፓርትመንታችንን የወሰነው ውጤትና የመቀበያ ቦታ ነው፤ የምናነበውን የሚወስነው ኮርስ አውትላይኑ ነው፤ አሁን ደግሞ የመውጫ ፈተናው። የምረቃው ቀን ሲያልፍ ግን አውትላይን የሚሰጠን የለም። ሥራ ላይ የሚገጥመን መሣሪያ ክፍል ያላየነው ይሆናል፤ ልጆቻችን የሚጠይቁን የዲን ጥያቄም መድረሳ ያልደረስንበት ይሆናል።

ስለዚህ ከአሁኑ ትንሽ እንለማመድ። በአንድ ሴሚስተር ማንም ያላዘዘንን አንድ ነገር እንምረጥ። ኤምአይቲ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የኮርሶቹን ማስታወሻና ፈተና በነፃ በኢንተርኔት ለቋል፤ አንዱን ኮርስ ከሁለት ጓደኞች ጋር እስከ መጨረሻው መዝለቅ ይቻላል። በዲኑ በኩል አንድ አጭር ኪታብ መርጠን ከመስጂዳችን ኡስታዝ ፊት እንጨርስ። አሥር ጀምሮ አንድም ካለመጨረስ አንድ ጀምሮ መጨረስ ይሻላል። እንደ ደረሳው ነባሩ አዲሱን ያስቀራ፤ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ለፍሬሽማን በሳምንት አንድ ሰዓት ቢሰጥ ሁለቱም ይማራሉ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንኳ ጌታቸው እውቀት እንዲጨምርላቸው እንዲለምኑ ታዘዋል። እኛም ጠቃሚ ዒልም እንዲሰጠን፣ ባወቅነው የምንሠራ እንዲያደርገን፣ ቤት የቀሩ እህት ወንድሞቻችንንም በር እንዲከፍትላቸው አላህን እንለምን። ኒያችንንም ያስተካክልልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።