ወንዝ ሁሉ ሲገባበት ባሕር ስለ ምን አይመላም

ሰሎሞን በመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 1 ቁጥር 7 ስለ ወንዞችና ስለ ባሕር የተናገረው ምሳሌው በአርሲ ደጋ ይገኛል። ወንዝ ወደ ምንጩ የሚመለሰው በምድር ውስጥ ነው የሚሉ አሉ፤ ታላቁ መንገድ ግን በሰማይ ነው።

ሐተታ፤ ከአሰላ በላይ የቆመው ጭላሎ ከፍታው ከ4000 ሜትር ይበልጣል። ከባሕር የመጣ እርጥብ ነፋስ ተራራውን ሲወጣ ይበርዳል፤ የበረደም ነፋስ እንፋሎቱን ሊሸከም አይችልምና ደመና ሆኖ ይዘንማል። ከዘነመው ከፊሉ በጎርፍ ይሄዳል፤ ከፊሉ ወደ አፈሩና ወደ ዓለቱ ስንጥቅ ይሰርጋል። በጥር ዝናም ሳይኖር የከታር ወንዝ ስለ ምን ይፈሳል ቢሉ፥ ተራራው የክረምቱን ውኃ እንደ ጎተራ አኑሮ በምንጭ ጥቂት በጥቂት ስለሚሰጥ ነው። ዛፉና ሣሩ የጠፋበት ቁልቁለት ግን ጎርፍ ያወርዳል እንጂ አያኖርም።

ከታር ከምሥራቅ፥ መቂ ከምዕራብ ወደ ዝዋይ ይገባሉ፤ የዝዋይም ትርፍ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይወርዳል። አብያታ መውጫ የለውም። እንኪያስ ስለ ምን ሞልቶ አይፈስም ቢሉ፥ ፀሐይ ውኃውን እንፋሎት አድርጋ ስለምታነሣው ነው። የምታነሣውም ውኃውን ብቻ ነውና ጨዉ ይቀራል፤ ዝዋይ መውጫ ስላለው ይጠጣል፥ አብያታ ግን አይጠጣም።

ከ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት ወዲህ ከዝዋይና ከቡልቡላ ለመስኖ፥ ከራሱም ከአብያታ ለሶዳ ፋብሪካ ብዙ ውኃ ተቀድቷል። ፀሐይ ግን የምትወስደውን አልቀነሰችም፤ ስለዚህ የአብያታ ዳርቻ እጅግ ሸሽቷል፥ ዓሣውም ተመናምኗል።