በቁፋሮ ወይም በአጋጣሚ ስለሚገኙ ጥንታዊ ቅርሶች፦ የባሌው ፊንጫ ሀበራ እንደ ማሳያ

በባሌ ተራሮች፣ ከባሕር ወለል በላይ በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው ፊንጫ ሀበራ የተባለው የዐለት መጠለያ የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን ሰዎች መኖሪያ እንደነበረ በቁፋሮ ጥናት ታውቋል። በነሐሴ ወር 2011 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የጥናቱ ውጤት መሠረት፣ ሰዎች በመጠለያው የኖሩት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

በወቅቱ የተራሮቹ ጫፍ በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። ነዋሪዎቹ የባሌ ብርቅዬ እንስሳ የሆነውን ግዙፉን ፍልፈል እያደኑ በእሳት ጠብሰው ይመገቡ ነበር፤ ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ባልጩት ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው፣ በረዶ ካልሸፈነው ስፍራ ያመጡ ነበር።

ይህ ሁሉ ሊታወቅ የቻለው ከሰል፣ አጥንትና የተጠረበ ድንጋይ በአንድ የአፈር ንብርብር ውስጥ ሳይነካኩ በመቆየታቸው ነው። የቅርሱ ዕድሜ የሚለካው አብረውት በተቀበሩት ነገሮች ጭምር ነው። ከቦታው የተነሣ ባልጩት ድንጋይነቱ ባይለወጥም ታሪኩ ግን ይጠፋል፤ መልሶ ማስቀመጥም የጠፋውን አይተካም።

በአጋርፋ፣ በሮቤ፣ በጎባም ሆነ በሌላ አካባቢ በእርሻ፣ በቤት ግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በማዕድን ፍለጋ ወቅት ቅርስ ሊገኝ ይችላል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት፣ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣን የማስታወቅ፣ ባለሥልጣኑ እስኪረከበውም ድረስ ሳይጎዳ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። አግኝቶ ላስረከበ ሰውም ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው አዋጁ ይደነግጋል።

ስለዚህ ቅርስ ያገኘ ሰው፦

• በስፍራው የሚካሄደውን ቁፋሮ ያቆማል፤
• የተገኘውን ነገር ከቦታው አያነሣም፣ አያጥብም፣ አይሸጥም፤
• ቦታውን ምልክት አድርጎ ከእንስሳትና ከጎርፍ ይከላከላል፤
• ባለሥልጣኑን በቀጥታ ማግኘት ካልቻለ፣ በወረዳው የባህልና ቱሪዝም ሥራ ለሚያከናውነው ጽሕፈት ቤት አመልክቶ መረጃው ለባለሥልጣኑ እንዲደርስ ያደርጋል።

ከባለሥልጣኑ ፈቃድ ሳያገኙ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር በሕግ የተከለከለ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መመዝገቡም የአካባቢውን ሀብት ለመጠበቅ ተጨማሪ ኃላፊነት ያስከትላል።