ልጃችሁ ዓባይን ሲሻገር ገመዱን ማን ይይዛል?

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁን ለትምህርት ወይም ለደኅንነቱ ብላችሁ ዘመድ ዘንድ ለመላክ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ከቢቸናና ከሞጣ ብዙ ልጆች ዓባይን ተሻግረው አክስትና አጎት ቤት ያድጋሉ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከተዘጉ በኋላ ጥያቄው በየቤቱ ጠንክሯል። ይሂድ ወይስ ከእኛ ጋር ይቆይ?

የለንደን ልጆች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የለንደን ወላጆችም ይህንኑ ጠይቀዋል። የአውሮፕላን ቦምብ ፈርተው ብዙ ልጆችን ወደ ገጠር ላኩ። የሲግመንድ ፍሮይድ ልጅ አና ፍሮይድ ከባልደረባዋ ከዶሮቲ በርሊንግሃም ጋር በከተማዋ የሕፃናት ማቆያ ከፍታ ልጆቹን በቅርብ ተከታተለች። ያዩት ነገር ብዙዎችን አስገረመ። እናቱ ጉያ ውስጥ ሆኖ የቦምብ ድምፅ ከሰማ ሕፃን ይልቅ፣ ከእናቱ ተነጥሎ ሰላማዊ ስፍራ የተቀመጠው ይበልጥ ይጎዳ ነበር።

ሁለቱ ሴቶች በዚህ አላበቁም። በማቆያው ያሉትን ሕፃናት በትናንሽ «ቤተሰብ» ከፍለው ለእያንዳንዱ ቡድን አንዲት ቋሚ ተንከባካቢ ሰጡ። ልጆቹ መጀመሪያ ቀኑ፣ አለቀሱ፤ ቀጥሎ ግን ተላመዱ፣ አደጉም። እናቶችም በፈለጉት ሰዓት እንዲጠይቋቸው ተፈቀደ።

ልጅ እንዴት ይናገራል?

የሕፃናት ሳይኮአናሊሲስ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፦ ትልቅ ሰው ጭንቀቱን በቃል ሲያወጣ፣ ልጅ በጨዋታ፣ በሕልም፣ በሥዕልና በጠባዩ ያወጣዋል። አልጋ ላይ መሽናት የጀመረ፣ የተኩስ ጨዋታ የሚደጋግም ወይም ዝም ያለ ልጅ «ባለጌ» ላይሆን ይችላል። ከመምታታችሁ በፊት ምን ሊነግራችሁ እንደፈለገ አስቡ። ጸልዩለት፤ ሁኔታው ከቆየ ደግሞ ሆስፒታል ወስዳችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አማክሩ።

ገመዱን አትልቀቁ

በሞጣ በኩል ያለውን ሰባራ ድልድይ አስታውሱ። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ከተቆረጠ በኋላ ሰው የሚሻገረው በሁለቱም ዳር የቆሙ ሰዎች በገመድ እየጎተቱት ነበር። አንደኛው ወገን ብቻውን አያሻግርም። ልጃችሁን መላክ ግድ ከሆነም እናንተም ተቀባዩም ያዙት፦

• እንደሚሄድና ለምን እንደሚሄድ አስቀድማችሁ እውነቱን ንገሩት። ተኝቶ ሳለ ተሸሽጋችሁ አትለዩት።

• የእናቱን ነጠላ ወይም የሚወደውን ዕቃ አብሮት ይሂድ።

• የስልክ ቀን ወስኑ፤ ቀኑንም አትስበሩ። ቢያለቅስ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አትበሉት፤ ስሙት።

• ተቀባይ ቤተሰብ ሆይ፣ ልጁን በዋናነት የሚይዘው አንድ ሰው ይሁን። ቤቱን ቢናፍቅ ምስጋና ቢስ አይደለም፤ ፍቅር ያለው ልጅ ነው።

ባለትዳሮች፣ ዛሬ ማታ ከመወሰናችሁ በፊት ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ቀጥሎም ልጁን ጠይቁት።