የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለቅሶ

ጨቅላ ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያው ሳምንት አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው፤ ይጠባል፣ ይተኛል፣ ሲርበው ይነቃል። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ግን ለቅሶው ይጨምራል። በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ከሁሉም ጊዜ ይበረታል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ቀንሶ ሦስተኛው ወር ሲሞላ ከግማሽ ብዙም የማይበልጥ ይቀራል። አብዛኛው የሚሰማውም ከሰዓት በኋላና ምሽት ላይ ነው። አካሄዱ በጤነኛ ሕፃናት ሁሉ የታወቀ ቢሆንም አራስ ቤት ውስጥ የሚሰጠው ትርጉም ሌላ ነው። ልጇ ከቀን ወደ ቀን ሲብስበት ያየች እናት ወተቷ እንዳነሰ ወይም የበላችው ነገር እንደጎዳው ትጠረጥራለች። አራስ ሊጠይቅ የመጣው ደግሞ አንዱ ቁርጠት ነው ይላል፣ ሌላው ብርድ መትቶት ነው፣ ሦስተኛው ዓይን በልቶት ነው። በዚህ መልክ ከወላጅ ወደ ወላጅ ከሚተላለፈው ምክር ውስጥ ጥናት የደገፈው አለ፤ ሕፃኑን የሚጎዳም አለ።

ስለ ለቅሶው አካሄድ በቁጥር የታወቀው እናቶች ራሳቸው በያዙት ማስታወሻ ነው። አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ቤሪ ብራዝልተን እ.ኤ.አ. በ1962 ላሳተሙት ጥናት 80 እናቶች ልጃቸው መቼና ምን ያህል ጊዜ እንዳለቀሰ በየቀኑ እንዲጽፉ አደረጉ። በማስታወሻዎቹ መሠረት ሁለት ሳምንት የሆነው ሕፃን በቀን 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ያለቅስ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ደረሰ፤ በ12ኛው ሳምንት ከ1 ሰዓት በታች ወረደ። ሕፃናቱ ጤነኞች ነበሩ፤ ቤታቸውም የተለየ ችግር አልነበረበትም። ከ55 ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ፕሮፌሰር ዲተር ዎልክና ባልደረቦቻቸው በልዩ ልዩ አገሮች በዚሁ ዘዴ የተሠሩ 28 ጥናቶችን አንድ ላይ መረመሩ። ከ8 ሺህ በላይ በሆኑት በእነዚህ ሕፃናት ዘንድ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት የቀን ለቅሶው 2 ሰዓት ገደማ ነበር፤ ከ10ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ 68 ደቂቃ ሆነ። ከአገር አገርም ልዩነት ታየ፤ የዴንማርክ፣ የጀርመንና የጃፓን ሕፃናት ከእንግሊዝ፣ ከካናዳና ከጣሊያን ሕፃናት ያነሰ ያለቅሱ ነበር።

ይህ ለቅሶ በዋናነት የዕድገት ጉዳይ ለመሆኑ ጠንካራው ማስረጃ የሚገኘው ያለ ጊዜያቸው ከተወለዱ ሕፃናት ነው። የእነሱ ለቅሶ የሚበረታው ከተወለዱ በ6ኛው ሳምንት አይደለም፤ መወለድ ይገባቸው ከነበረው ቀን ተቆጥሮ በ6ኛው ሳምንት ነው። ከቀኑ ሁለት ወር ቀድሞ የመጣ ልጅ ብዙ የሚያለቅሰው በ14ኛው ሳምንቱ ገደማ ነው ማለት ነው። ጥፋቱ የአያያዝ ቢሆን ኖሮ ሰዓቱ መቆጠር የነበረበት አያያዙ ከጀመረበት ቀን ነበር። ሌላው ማስረጃ ከደቡባዊ አፍሪካ፣ ከካላሃሪ በረሃ ይመጣል። በዚያ የሚኖሩ የኩንግ ሳን እናቶች ልጃቸውን ቀኑን ሙሉ ከሰውነታቸው ሳያርቁ ይዘው የሚውሉ፣ በሰዓት ውስጥ ደጋግመው የሚያጠቡ፣ ሲያለቅስም በሰከንዶች ውስጥ የሚደርሱለት ናቸው። ካናዳዊው ሐኪም ሮናልድ ባርና ተባባሪዎቻቸው በ1991 እንዳሳተሙት፣ የእነዚህም ሕፃናት ለቅሶ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጨምራል፣ ከዚያም ይቀንሳል። የሚያለቅሱበት ጊዜ ብዛት ከምዕራባውያኑ ሕፃናት አያንስም፤ እያንዳንዱ ለቅሶ ግን አጭር በመሆኑ ድምሩ ግማሽ ያህል ነው። ይህ ግኝት ሁለት ነገሮችን ለይቶ ያሳያል። ሕፃኑ ማልቀሱ የዕድሜው ነው፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያለቅስ ግን በአያያዝ ሊለወጥ ይችላል።

ሲወለድ የሰው ልጅ አንጎል መጠኑ ከአዋቂው ሲሶ ያህል ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየቀኑ 1 በመቶ ገደማ ያድጋል፣ በ3 ወር ዕድሜም ከአዋቂው ግማሽ ያልፋል። ከንቃት ወደ እንቅልፍ ለመሻገር፣ የብርሃንና የድምፅ ብዛትን ለመቋቋም፣ አንዴ የጀመሩትን ለቅሶ ለማቆም የሚያስችሉት የአንጎል ክፍሎች በእነዚህ ሳምንታት ገና እየተደራጁ ናቸው። ቀንና ሌሊትን የሚለየው የሰውነት ሰዓትም አልተሠራም። ጨቅላው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ቢተኛም እንቅልፉ የተቆራረጠ ነው፤ እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ሰውነቱ በራሱ ሥርዓት ማመንጨት የሚጀምረው ከ2 እስከ 3 ወር ሲሆነው ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያይና ሲሰማ፣ ከእቅፍ እቅፍ ሲተላለፍ የዋለ ሕፃን ሲመሽ ድካሙን በራሱ ማብረድ አይችልም። ሳይንሱ ሁሉንም የሚያብራራ አንድ ብቸኛ ምክንያት አላገኘም፤ የተስማማበት ነገር ቢኖር ሕፃኑ ሆን ብሎ እንደማያስቸግር ነው። ሆን ብሎ ለማስቸገር የሚያስፈልገው አሳብ በዚያ ዕድሜ የለም።

ከአማካዩ በላይ የሚያለቅሱትን ለመለየት ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙበት የቆዩት መለኪያ የአሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም የሞሪስ ዌሰል ነው፤ በ1954 የወጣ ሲሆን፣ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከ3 ቀን በላይ፣ ከ3 ሳምንት በላይ ማልቀስ ይላል። በኛ አገር ቁርጠት የሚባለው ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። ሕፃኑ ፊቱ ይቀላል፣ እጁን ይጨብጣል፣ እግሩን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ ሆዱም ይወጠራል። ያየው ሁሉ ሆዱን አሞታል ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ብርቱ ለቅሶ ራሱ ብዙ አየር ስለሚያስውጥ የሆዱ መነፋት ብዙ ጊዜ የለቅሶው ውጤት ነው። በብዙ ለቅሶ ምክንያት ሐኪም ዘንድ ከሚቀርቡት ሕፃናት ሕመም የሚገኝባቸው ከ100 5 ያህሉ ብቻ ናቸው። ሲጠባ የዋጠውን አየር እንዲያገሳ ትከሻ ላይ አድርጎ ጀርባውን መታ መታ ማድረግ ጉዳት የለውም፤ ምቾትም ይሰጠዋል።

ለቁርጠቱ የሚሰጠው ነገር ግን ሁሉም እንዲህ የዋህ አይደለም። ጤና አዳም የተነከረበት ውኃ፣ አብሽ፣ ስኳር በውኃ፣ ለጋ ቅቤ በብዙ ቤት ለጨቅላ ይሰጣሉ። የሚሰጡት በፍቅር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እስከ 6 ወር ከእናት ጡት ሌላ ውኃም ቢሆን እንዳይሰጥ ይመክራል፤ ምክንያቱም ያልተጣራ ውኃና ንጽሕናው ያልተጠበቀ ዕቃ ተቅማጥ ያመጣሉ፣ ትንሿን ሆድ የሞላ ነገር ደግሞ ወተቱን ይተካል። ያልተጠባ ጡትም ወተቱ ያንሳል። በ2019 በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር በታች ካሉት ሕፃናት የእናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 59 በመቶ ነበሩ፤ ከ10 ሕፃናት 4 ያህሉ ሌላ ነገር ይቀምሱ ነበር ማለት ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። ልጁ አልጠባም፣ አለቀሰ ተብሎ እንጥል ማስቆረጥና ድድ ጭሮ ያልበቀለ ጥርስ ማውጣት፣ ግግ የሚባለው፣ ለማንኛውም ለቅሶ መድኃኒት ሆነው አያውቁም። የደም መፍሰስ፣ መመረዝና መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጡ ድርጊቶች ናቸው፤ ጨቅላ የገደሉባቸው ጊዜያትም ጥቂት አይደሉም።

ከፋርማሲ የሚገዛውም ቢሆን ብዙ ተስፋ የሚጣልበት አይደለም። ግራይፕ ዋተር በእንግሊዟ ኖቲንግሃም ከተማ በ1851 የተቀመመ ሲሆን ለብዙ አሥርት ዓመታት አልኮል ነበረበት፤ ሕፃናቱን ያረጋጋቸው አንዱ ነገር ይኸው ሳይሆን አይቀርም። የሆድ አየር ይበትናል የሚባለው ሲሜቲኮን ጠብታም በንጽጽር ሲፈተን ምንም መድኃኒት ከሌለበት ጠብታ አልተሻለም። በመጠኑ ማስረጃ ያለው ላክቶባሲለስ ሩተሪ የተባለ ጠቃሚ ባክቴሪያ ነው፤ እሱም ውጤቱ የታየው ጡት በሚጠቡ ሕፃናት ላይ ነው።

በአንጻሩ በኢትዮጵያ ቤቶች ለዘመናት ሲሠራበት የኖረው ማዘልና ማቀፍ በሳይንስ ሚዛን ላይ ጥሩ ቦታ አለው። በዛጎል ካጌጠው የቆዳ አንቀልባ እስከ ዛሬው ነጠላ ድረስ መሣሪያው ቢለዋወጥም አሳቡ አንድ ነው፤ ሕፃኑ ከሰው ገላ ጋር ይውላል፣ አብሮም ይንቀሳቀሳል። በ1986 ኡርስ ሁንዚከርና ሮናልድ ባር በሞንትሪያል 99 እናቶችን ለሁለት ከፍለው፣ አንደኛው ወገን ልጁ ባያለቅስም በየቀኑ ተጨማሪ ሰዓታት እንዲያቅፈው አደረጉ። በ6ኛው ሳምንት የእነዚህ ሕፃናት ለቅሶ ከሌሎቹ በ43 በመቶ ያነሰ ሆነ፤ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ ልዩነቱ 51 በመቶ ነበር። ውጤቱ ግን በሁሉም ቦታ አልተደገመም። በለንደን የተደረገው ተመሳሳይ ሙከራ ይህን ያህል ለውጥ አላሳየም፤ ቁርጠቱ አንዴ ከጀመረ በኋላ በማቀፍ ለማዳን የተሞከረውም አልሠራም። በ2006 የለንደንንና የኮፐንሃገንን ወላጆች፣ እንዲሁም ልጃቸውን ብዙ ሰዓት በማቀፍ የሚያሳድጉትን ያነጻጸረው ጥናት ነገሩን ያስታርቀዋል። ብዙ የታቀፉት ሕፃናት በድምር ከለንደኖቹ በሲሶ ያህል ያነሰ አለቀሱ፤ ምንም ቢደረግ የማይበርደው የቁርጠት ለቅሶ ግን በሦስቱም ወገን እኩል ታየ። ልጇን አቅፋ ውላ ማታ ማባበል ያቃታት እናት ያጎደለችው ነገር የለም።

መታቀፉ ለምን እንደሚያረጋጋ ከጃፓን፣ ከሪከን የምርምር ተቋም የወጡ ሥራዎች ያብራራሉ። ዶክተር ኩሚ ኩሮዳና ባልደረቦቻቸው በ2013 እንዳሳዩት፣ እናት ሕፃኗን አቅፋ መራመድ ስትጀምር በሰከንዶች ውስጥ የልቡ ምት ይቀንሳል፣ መወራጨቱም ይቆማል፤ ተቀምጣ ስታቅፈው ግን እንዲህ አይሆንም። እናቱ ማጅራቱን ይዛ የምታጓጉዘው የአይጥ ግልገልም እንዲሁ ጸጥ ይላል። አደጋ ሲመጣ እናቱ ይዛው ስትሸሽ የሚወራጭ ግልገል ለሁለቱም መጥፊያ በመሆኑ፣ ተሸክመውት ሲሄዱ ጸጥ ማለት በአጥቢ እንስሳት የቆየ ጠባይ ይመስላል። በ2022 ይኸው ቡድን ነገሩን ወደ ተግባር አወረደው። የሚያለቅስ ሕፃን ታቅፎ ሳይቆሙ ለ5 ደቂቃ ከተሄደ ለቅሶው ያቆማል፣ ግማሽ ያህሉም ያንቀላፋሉ። ካንቀላፋ በኋላ ወዲያው ማስተኛት ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ አቅፎ ተቀምጦ ከቆዩ በኋላ ቢያስተኙት እንቅልፉ ይጸናል። የተጠኑት ሕፃናት 21 ብቻ መሆናቸው ቢታወስም፣ እሹሩሩ እያለች ቤቱን የምትዞር አያት የምታደርገው ከዚህ አይለይም። አንገቱ ያልጠናን ልጅ ግን ራሱን ደግፎ መያዝ፣ ሲታዘልም አፍና አፍንጫው በጨርቅ እንዳይሸፈን ማየት ግድ ነው።

«እቅፍ አታስለምጂው» የሚለው ምክር ለዚህ ዕድሜ አይሠራም። ሲልቪያ ቤልና ሜሪ ኤንስዎርዝ በ1972 በባልቲሞር 26 እናቶችን ተከታትለው፣ ቶሎ የተደረሰላቸው ጨቅላዎች በዓመታቸው መጨረሻ ያነሰ እንደሚያለቅሱ ጽፈዋል። በኋላ የመጡ ጥናቶች ግንኙነቱን በዚህ መጠን አላገኙትም፤ ሆኖም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ማባበል ልጅን ያበላሻል የሚል ማስረጃ የለም።

ለቅሶው ከሚጎዳው በላይ የሚያስፈራው የሰሚው መድከም ነው። እንቅልፍ ያጣ ወላጅ በንዴት ሕፃኑን ቢንጥ፣ ከባዱ ራስ በደካማው አንገት ላይ ሲወዛወዝ የአንጎል ደም ሥሮች ይበጠሳሉ፤ ውጤቱ ዓይነ ስውርነት፣ የዕድሜ ልክ ጉዳት ወይም ሞት ነው። በአሜሪካ የተመዘገቡት እነዚህ አደጋዎች በዕድሜ ሲደረደሩ የለቅሶውን መጨመርና መቀነስ ጥቂት ሳምንት ዘግይተው ይከተላሉ። አራስ በእናት፣ በእህትና በጎረቤት በምትከበብበት ቤት ልጁን የሚቀበል ሌላ እጅ አይጠፋም። ዘመድ አዝማድ በሌለበት ባሕር ማዶ አፓርታማ ውስጥ፣ ወይም ባል በማለዳ ወጥቶ ማታ በሚገባበት የከተማ ኮንዶሚኒየም ግን እናት ከለቅሶው ጋር ብቻዋን ትቀራለች። ንዴት ሲመጣ ሕፃኑን በጀርባው ጠንካራ ፍራሽ ላይ አስተኝቶ ለጥቂት ደቂቃ ዘወር ማለት ጭካኔ አይደለም፤ ሐኪሞች የሚመክሩት ነው።

የዕድሜ ለቅሶ ነው ብሎ ማለፍ የማይገባባቸው ምልክቶችም አሉ። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ብብቱ ሥር ሲለካ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ጡት አልይዝ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ከሰረጎደ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ፣ አረንጓዴ ካስመለሰው፣ የእትብቱ ዙሪያ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ ሌሊትም ቢሆን ጤና ተቋም መድረስ አለበት። ብዙ ያለቅስ የነበረ ልጅ ድንገት ዝም ብሎ ከፈዘዘም እንደዚሁ።

ወደ 3 ወር ሲጠጋ ለውጡ በአንድ ጊዜ በብዙ አቅጣጫ ይመጣል። ሌሊቱ ይረዝማል፤ እጁን ወደ አፉ ወስዶ እየጠባ ራሱን ማባበል ይችላል፤ ፈገግ ማለትና ድምፅ ማሰማት ስለጀመረ ሰውን ለመጥራት ለቅሶ ብቸኛ መንገዱ አይሆንም። ዎልክ በመረመሯቸው ጥናቶች፣ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ከ17 እስከ 25 በመቶ የነበረው የቁርጠት ድርሻ ከ10ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት 0.6 በመቶ ሆኗል። ከአራተኛው ወር በኋላም እንደቀድሞው ለሰዓታት የሚያለቅስ ጥቂት ሕፃን ይኖራል። እሱ ከዕድሜው ለቅሶ ወጥቷል፤ የላም ወተት አለመስማማት፣ የእንቅልፍ ችግር ወይም ሌላ ሕመም እንዳለበት በሐኪም መታየት ይኖርበታል።